አፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ስትገዙ ጌጡን ትታችሁ ውስጡን እዩ

አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። ሞላ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ እያልኩ ያደግሁባቸው ቃላት የጣሊያን እንደሆኑ ልብ ያልኩት ግን እዚህ ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ ጎረቤቴ ከጣሊያን የመጣ ጠመንጃውን እንዳይለት አምጥቶ፣ አብሮት የነበረውን የመለዋወጫ ዝርዝር ሳገላብጥ «ሞላ» የሚለውን አነበብኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ለቀቅ አላደረገኝም። አሁን ባሩድና አረር በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ አራት የድሮ ጠመንጃ ቅጂዎች አሉኝ። የገዛኋቸው ግን ሰባት ነበሩ። የሦስቱ ነገር ከታች ይመጣል።

ቅጂዎቹ የሚሠሩት ለተኳሾችና የጦርነት ታሪክን በትርኢት ለሚያሳዩ ሰዎች ነው። ገበያው የደራው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ከ1961 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድቼ ዊንቸስተር አጠገብ ፎርት ሸናንዶዋ እሄዳለሁ። በ1950 የተመሠረተው የኖርዝ ሳውዝ ስከርሚሽ ማኅበር የተኩስ ውድድሩን የሚያካሂደው እዚያ ነው። የአሜሪካ የ1968 የጦር መሣሪያ ሕግ እነዚህን ቅጂዎች ከጥንት ዕቃ ስለሚቆጥራቸው በብዙ ክፍላተ ሀገር በፖስታ እስከ ቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ። አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ግን የራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። አገሪቱ ጠመንጃ በመንግሥት ይፈተሽ የሚል ሕግ ስለሌላት፣ ፈታሹ ሌላ ሰው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ያገለገለ ጠመንጃ በእጃችሁ ሲገባ ምላጩን አትንኩ፤ መዶሻውንም፣ ማለት ምላጩ ሲሳብ ወድቆ የሚመታውን ብረት፣ አትሳቡ። በመጀመሪያ ጎርሶ እንደሆነ እወቁ። ባሩድና አረር ውስጡ እንዳለ ለዓመታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ተረት አይደለም። መጠቅጠቂያ ዘንጉን በአፈሙዙ እስከ ታች ስደዱትና አፈሙዙ ጋ የደረሰበት ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ አውጥታችሁ ከውጭ በቱቦው ጎን አስተኙት። የዘንጉ ጫፍ ከእሳት ማስገቢያው ቀዳዳ አካባቢ መድረስ አለበት። ሁለት ሦስት ጣት ካነሰ ውስጡ አንድ ነገር ተቀምጧል ማለት ነው፤ ለጠመንጃ ሠሪ ስጡት እንጂ እናንተ አትቦርቡሩት። ባዶ ከሆነ ደግሞ የብረት ዘንግ ከታች ሲያርፍ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። «ድፍ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቢያንስ ቆሻሻ አለ።

ቀጥሎ ቱቦውን ከኋላ በኩል አገላብጣችሁ ማኅተም ፈልጉ። አብዛኛው የጣሊያን ሥራ የሚወጣው ብሬሻ አውራጃ ውስጥ ካለችው ከጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ከተማና ከሸለቆዋ ነው፤ የአገሪቱ የጠመንጃ መፈተሻ ቤትም እዚያው ነው። ፈታሾቹ በከባድ ባሩድ ተኩሰው ካልፈነዳ ማኅተም ይመቱበታል። ፒኤን የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በጥቁር ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። አጠገቡ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተመታው ምልክት ዘመኑን ይናገራል፤ እስከ 1974 በሮማውያን ቁጥር፣ ከ1975 ጀምሮ በሁለት ፊደላት ነው። ሁለት ኤ 1975፣ ኤና ቢ ደግሞ 1976 ነው። ሻጩ «አዲስ ነው ማለት ይቻላል» ሲላችሁ ወደዚያች ሳጥን ተመልከቱ።

ማኅተሟ ከስም በላይ ትታመናለች። ፓርከር ሄል የተባለው የበርሚንግሃም ድርጅት የእንግሊዝን የ1853 ኤንፊልድ ጠመንጃ ሲቀዳ በጥንቱ የመንግሥት መለኪያ ነበር የሠራው፤ ተኳሾች ዛሬም ይሻሙበታል። በኋላ ግን ያው ስም ጣሊያን ውስጥ በተሠራ ጠመንጃ ላይ ተጽፎ ተሸጠ። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የበርሚንግሃምና የጋርዶኔ ማኅተም ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ዋጋ ሁለተኛውን የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ሰውየው እኔ ነኝ። መጥፎ ጠመንጃ አልነበረም፤ ከከፈልኩት በታች ሸጥኩት እንጂ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ማኅተሙ አይፈነዳም ይላል እንጂ ዒላማ ይመታል አይልም።

ዒላማ መምታቱን የምታውቁት ከቱቦው ውስጥ ነው። በዘይት የራሰ ጥብቅ ያለ ጨርቅ በዘንጉ ጫፍ አድርጋችሁ ከአፈሙዝ እስከ ታች ቀስ ብላችሁ ግፉት። እጃችሁ ከዓይናችሁ ይበልጣል። እኩል እየከበደ ከሄደ መልካም ነው። ድንገት ከለቀቀና እንደገና ከያዘ ቱቦው አንድ ቦታ ሰፍቷል ወይም ዝገት በልቶታል። ከታች ሲደርስ ጨርቁ ጥቁር ቅሪት ይዞ ከወጣ፣ የኋላው መዝጊያ ብሎን ከመቀመጫው ጋር በትክክል አልገጠመ ይሆናል፤ በዚያ ክፍተት ቅሪት ይጠራቀምና ይበላዋል። ርካሽ በሆኑ ቅጂዎች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ኤንፊልዱ 0.577 ኢንች፣ የአሜሪካው የ1861 ስፕሪንግፊልድ 0.58 ኢንች ይባላሉ፤ ይህ ግን በወረቀት ነው። ሁለት «እኩል» ጠመንጃዎች ለክቼ ልዩነት አግኝቻለሁ። ስለዚህ አረር ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውን ለኩ ወይም አስለኩ፤ ሚኒዬ የሚባለው አረር ከቱቦው በአንድ ሺኛ ኢንች ያህል ብቻ ቢያንስ ጥሩ ይሄዳል። ጠመንጃው አይመታም ብለው የሚያማርሩ ብዙ ሰዎች ጥፋታቸው ከአረሩ ነው።

አሁን መዶሻው። ግማሽ ተስቦ የሚቆምበት የመጀመሪያው ጥርስ የጠመንጃው ብቸኛ መጠበቂያ ነው። አፈሙዙን ወደ ደህና ቦታ አዙራችሁ፣ መዶሻውን በአውራ ጣታችሁ እንደያዛችሁ እዚያ ጥርስ ላይ አቁሙትና ምላጩን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ ሙሉ ሳቡትና ምላጩን ሳትነኩ መዶሻውን ከኋላ በአውራ ጣት ግፉት፤ መውደቅ የለበትም። እኔ የገዛሁት አንድ ሽጉጥ በመጀመሪያው ጥርስ ላይ ለአሥር ቀን ያህል በደንብ ቆመ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ለቀቀ። ፈትቼ ሳየው ብረቱ የጠነከረው በላዩ እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን ነበር፤ ሽፋኑ ሲያልቅ ከታች ለስላሳው ወጣ። ደግነቱ ባዶ ነበር። ሻጩ «አንተ አበላሸኸው» ብሎ አልመልስም አለኝ። ስለዚህ ከተቻላችሁ የጎኑን ሰሌዳ አስፈትታችሁ ጥርሶቹን እዩ። ጠርዛቸው ስልና ንጹሕ ካልሆነ፣ ካቻቢቴ የገባበት የብሎን ራስም ከተቦጨቀ፣ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ሲታገለው ኖሯል።

በባልጩት የሚተኮሰውን ለሚመርጥ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ባልጩቱ የሚመታው የብረት ክዳን ጠንካራ ካልሆነ ብልጭታ የለም። ትንሽ ጥሩ ሞረድ ውሰዱና በክዳኑ ፊት ጠርዝ ላይ በቀላሉ አሳልፉት፤ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፣ ከነከሰ ለስላሳ ነው። ቀጥሎ ያለ ባሩድ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስመቱት። ነጭ ብልጭታ ወደ ታች፣ ባሩዱ ወደሚቀመጥበት ሳህን መውረድ አለበት። ቀይና ሰነፍ ከሆነ ወይም ወደ ውጭ ከበተነ እሳቱ አይደርስም። የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ ከአሥር ሙከራ አራት ጊዜ ብቻ ነው የተኮሰልኝ፤ ስድስቱን ጊዜ ጠመንጃውን አነጣጥሬ እንደ ሐውልት ቆሜ ነበር። ክዳኑን ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ አስሙቄ ሳጠነክረው ያው ዕቃ ሌላ ሆነ።

ከህንድ የሚመጡት ደግሞ ዋጋቸው ከጣሊያኑ ግማሽ ገደማ ሲሆን፣ ሌላው የማይቀዳቸውን ዓይነቶች ይቀዳሉ። ብዙዎቹ የእሳት ቀዳዳቸው ሳይበሳ ነው የሚላኩት፤ ጠመንጃ ሳይሆን ጌጥ ተብለው እንዲያልፉ ነው። መሰርሰሪያ ያለው ሰው ሁሉ «አምስት ደቂቃ ሥራ» ይላችኋል። ቀዳዳውን መብሳትስ ቀላል ነው፤ ግን ማንም በከባድ ባሩድ ያልፈተነው ቱቦ ነው። ለሰልፍና ለግድግዳ እሺ። አረር አስገብቼ ግን ጉንጬን አላስጠጋውም። የእኔው ሦስተኛው ጠፊ ይህ ነበር፤ ለአንድ የትርኢት ቡድን ሰጠሁት።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። የጣሊያኖቹ ሰደፍ ከጥንቱ ይልቅ ወፈር ይላል፣ ቫርኒሹም ያብለጨልጫል፤ ይህ ዓይን ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም። ስም ከጠየቃችሁኝ፣ ከ1957 ጀምሮ የሚሠራው የጣሊያኑ ፔደርሶሊ ውድ ቢሆንም ቱቦው አላሳፈረኝም። የጃፓኑ ሚሮኩ የሠራቸውን ያገለገሉ ስፕሪንግፊልዶች ካገኛችሁ ደግሞ ከመደራደራችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ። ለእኔ ግን ልቤ ያለው ከኤንፊልዱ ጋር ነው። እንግሊዞች የዚህን የ1853 ጠመንጃ ኋላ ቆርጠው በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ሲገጥሙለት ስናይደር ሆነ፤ በ1868 የመቅደላ ዘመቻም ይዘውት መጡ። አያቴ «ሰናድር» ሲሉ የሚያወሩት እሱን ነው። ይህን ለዊንቸስተር ወዳጆቼ ስነግራቸው ቃሉን ደጋግመው አስጠሩኝ።

ዕቃው ሲደርሳችሁ አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ። በመዳብ ቆብ፣ ማለት መዶሻው ሲመታው እሳት በሚሰጥ ትንሽ ቆብ፣ የሚተኮስ ከሆነ የቆቡን መቀመጫ ፈትታችሁ እንደ ብሎን የተቆረጠውን ጥርሱን ለኩ። ጣሊያኖች በሜትሪክ ይቆርጣሉ፤ አሜሪካ የሚሸጠው መለዋወጫ ብዙውን ጊዜ በኢንች ነው። ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ግማሽ ዙር ይገባሉ። ከዚያ በኋላ በቁልፍ የሚያስገድድ ሰው የቱቦውን ጥርስ ያበላሽና ሲተኮስ መቀመጫው ወደ ፊቱ ሊመጣ ይችላል። አዲሱን በጣታችሁ አስገቡት። ሦስት ዙር ሳይታገል ካልሄደ አውጡትና ሌላ እዘዙ።