ለቲቪ በየወሩ ከመክፈላችሁ በፊት ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩ

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ከሥራ ቤት ስደርስ ማታ 3 ሰዓት ያልፋል፤ ድራማውም ዜናውም አልቋል። ያመለጠኝን ቆይቼ ለማየት ብዬ ነበር የክፍያ ቲቪ ያስገባሁት። አሁን ትቼዋለሁ።

ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ቻናሎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በነፃ ይገባሉ። ኢትዮሳት የምንለው ማለት ነው። ዲሹ ካላችሁ ሪሲቨራችሁን እዩት። የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለውና የሚቀዳ ዓይነት ከሆነ ፍላሽ ሰኩና ሪሞቱ ላይ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫኑ። በቃ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ታይመሩ ነው፤ እኛ ሳንኖር በራሱ እንዲቀዳ ሰዓት የምንሞላበት ማለት ነው። ሪሲቨሩ የኛን ሰዓት አያውቅም። የማታ 2 ሰዓት ድራማ 20:00 ተብሎ ነው የሚሞላው። እኔ 2:00 ብዬ ሞልቼ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የማንንም ማስታወቂያ ሲቀዳልኝ አደረ! የሰዓት ዞኑም ጂኤምቲ +3 መሆኑን አረጋግጡ።

ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት 2 ጊጋ አካባቢ ሊበላ ስለሚችል 32 ጊጋ ፍላሽ ለሳምንት ድራማ አያንስም። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (FAT32) ከሆነ ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም፤ ረጅም ፊልም ሊቆራረጥባችሁ ይችላል።

ሪሲቨሩ እየቀዳ ሌላ ቻናል ልይ ካላችሁ ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ ቀረጻው እዚያው ላይ ይቆማል። በኛ ሰፈር ይህ ብርቅ አይደለም።

የፕሪሚየር ሊግ ሱስ ያለባችሁ ግን ይቅርታ፣ እናንተን ፍላሽ አያድናችሁም።