ከውሻው በፊት መኝታውን
ውሻችሁ ሌሊቱን ገላውን ሲያክ ካደረ መጀመሪያ መኝታውን ተመልከቱ። ቁንጫ እንቁላሏን በፀጉሩ ውስጥ ብትጥልም እንቁላሉ እየተንሸራተተ ምንጣፉና ጆንያው ላይ ይራገፋል። ስለዚህ የሚተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ ቢያንስ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ አጥባችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ አስጡት። ከዚያ ጥርሱ በተቀራረበ ማበጠሪያ በተለይ አንገቱንና የጅራቱን ሥር አበጥሩ፤ የወጣውን ቁንጫ የሳሙና ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ይሰምጣል። መዥገር ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ፣ ሳትጠመዝዙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ነጭ ጋዝ ግን አትቀቡ! የቆየ ልማድ ነው ብዬ እኔም ሞክሬው የውሻዬ ቆዳ ተላልጧል። ነጭ ሽንኩርት ማብላትም ይቅር፤ ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፣ ለድመት ደግሞ ይብሳል።