አዲስ የብራቾ ጎሚኒ ለምን ቶሎ ይቀደዳል?

ብሬከር ስትወጡ ከፊት ጎማ ሥር «ቋ» ይላል። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻ ይበላል። እዚህ አዳማ አሮጌ ኮሮላ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ መጀመሪያ የብራቾውን ጎሚኒ እዩ። ብራቾ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው፤ ጎሚኒው መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ላስቲክ ነው። ለማየት ከመኪናው ሥር ስትገቡ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡበት። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ከብረቱ ከተላቀቀ ይቀየራል።

ከባዱ ችግር ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲሱ ጎሚኒ በጥቂት ወር ይቀደዳል። እኔም ደርሶብኛል፤ ዕቃው ፎርጅድ ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ። ያም ተቀደደ። ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጎሚኒ አይንሸራተትም። የውስጡ ቱቦ በብሎኑ ተጨምቆ ይቆማል፣ የውጪው ከብራቾው ጋር ይንቀሳቀሳል፣ መሃል ያለው ላስቲክ ይጠመዘዛል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ብራቾው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ ግን ላስቲኩ የሚያርፈው በዚያ ቦታ ነው። መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞ ሲያድር እንኳ እንደተወጠረ ነው።

መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም። ብሎኑን በእጅ ያህል አስይዙ። መኪናውን በጎማው አውርዱ፣ ፊቱን ጫን ጫን አድርጉ፣ ከዚያ አጥብቁ። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለዚህ ይመቻል። መካኒኩ ሲቸኩል «እባክህ፣ ካወረድነው በኋላ አጥብቀው» በሉት። ቀጥሎ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ።

ላስቲኩ አብጦ ከለሰለሰ ግራሶ ወይም ናፍታ ነክቶታል። አዲሱ ጎሚኒ ሲገባ በቀላሉ እንዲያልፍ የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ብራቾውን ቀብታችሁት ቀለሙ በወሩ ከተላጠ ከሥሩ ዝገት ወይም ቅባት ቀርቷል። አሮጌውን ጎሚኒ በፕሬስ አስወጡ፤ በእሳት አታቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ብራቾውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ሞላን (ስፕሪንጉን) ግን አቼቶ ውስጥ አትንከሩ፤ አሲድ ጠንካራውን ብረት ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። ዝገቱ በልቶ የበሳውን ብራቾ አታስበይዱ፣ ቀይሩት።

አንትረስቱን (ዝገት የሚከላከለውን ቀለም) በጠዋት ቀቡ። የአዳማ ነፋስ ከተነሳ አሸዋውን እርጥብ ቀለም ላይ ይለጥፈዋል። ጎሚኒው የሚገባበትን ቀዳዳና ብሎኑ የሚያርፍበትን ፊት አትቀቡ። እዚያ ያለ ቀለም ሲሳሳ ብሎኑ ይላላል።