«ኦኩሪቢቶ»ን ከማየትዎ በፊት፦ የጃፓንን የግንዘት ሥርዓት በፊልም እንዴት መከታተል ይቻላል

በዳይሬክተር ዮጂሮ ታኪታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዕይታ የበቃውና በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ያገኘው ይህ ፊልም፣ ኦርኬስትራው ተበትኖበት ከቶኪዮ ወደ ትውልድ ስፍራው ያማጋታ የተመለሰ የሴሎ ተጫዋች ሳያስበው የአስከሬን ገናዥ ሲሆን ያሳያል። ታሪኩ አያደናግርም፤ ሥርዓቱን የማያውቅ ተመልካች ግን ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

በግንዘቱ ትዕይንቶች ላይ ከተዋንያኑ ፊት ይልቅ እጃቸውን ይከታተሉ። ኖካንሺ የሚባለው ባለሙያ ሟቹን የሚያጸዳውና የሚያለብሰው ቤተሰቡ ከፊቱ ተቀምጦ እያየ ነው፤ ሆኖም የሟቹ ገላ ለአፍታ እንኳ አይገለጥም። ከላይ ልብስ ይደርባል፣ እጁን ከሥር አስገብቶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ቀድሞ የነበረውን ልብስ ከደረበው ሥር ስቦ ያወጣል። ትንሽ ቢፈጥን ግዴለሽነት፣ ትንሽ ቢዘገይ ደግሞ ለታይታ የሚደረግ በሚመስል ሥራ ልክን መጠበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በዚያው ጊዜ ቤተሰቡንም መመልከት አይርሱ። ዘገያችሁ ብሎ የተቆጣ ባል፣ የሚስቱ ፊት ተውቦ ሲያይ እንባው ይቀድመዋል፤ በኋላም ራሱ ወጥቶ ያመሰግናቸዋል። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን መጨረሻውን ይመርጣሉ።

ፊልሙ ቆም ብሎ የማያብራራቸው ልማዶችም አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ኪሞኖ ሲለብስ የግራው ጠርዝ ከላይ ይውላል፤ ለሟች ግን ይገለበጣል። ለማጠቢያ የሚሆነውም ውኃ የሚዘጋጀው ከተለመደው በተቃራኒ፣ በቀዝቃዛው ላይ ሙቁን በመጨመር ነው። ቡድሃ ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ አረፈ ስለሚባል፣ አስከሬንም ራሱ ወደ ሰሜን እንዲሆን ተደርጎ ይጋደማል። ዛሬ በጃፓን ከ100 ሟቾች ከ99 በላይ የሚሆኑት ይቃጠላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዘመዶች አጥንቱን በቾፕስቲክ (ለመመገቢያ በሚያገለግሉ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ዓይነት) ከእግር ጀምረው ወደ ራስ እያነሡ በማሰሮ ያኖራሉ። በገበታ ላይ ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ መቀባበል ነውር የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የሴሎ ተጫዋቹ ሚስት የባሏን አዲስ ሥራ ስታውቅ «አትንካኝ» ማለቷን በቸልታ አይለፉት፤ ሊፈርዱባትም አይቸኩሉ። ሞት ያረክሳል የሚለው እምነት በጃፓን እጅግ የቆየ ነው፤ ከቀብር የተመለሱ ሰዎች ጨው በላያቸው የሚነሰንሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለሙያው የሚከበረው በሥራው ላይ ሲያዩት፣ የሚናቀው ደግሞ ስለ እርሱ ሲያወሩ መሆኑ የታሪኩ ዋና ግጭት ነው።

ፊልሙ ከ2 ሰዓት ጥቂት ያልፋል፤ ተዋናዩ ለማስተማሪያ ቪዲዮ አስከሬን የሚሆንበትን የመሰሉ አስቂኝ ክፍሎች ስላሉት መሳቅ ነውር አይደለም። ድምፁ ወደ ሌላ ቋንቋ ከተመለሰው ይልቅ ከግርጌ ጽሑፍ ያለውን ይምረጡ፤ የጨርቁን ኮሽታና የአቀናባሪውን የጆ ሂሳይሺን ሙዚቃም በጥሞና ያዳምጡ። አብሮዎት የሚያየው ሰው በቅርቡ አባቱን ያጣ ከሆነ ግን፣ የመጨረሻው ክፍል ስለ አባትና ልጅ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት።