ጎርፍ ከአፈር ምን ያህል ካልሲየም ይወስዳል? የሙከራ መመሪያ

ተማሪዎቼ ይህን ሙከራ ሲያቅዱ መጨረሻውን አስቀድመው ይወስኑታል፦ ውሃ ይፈስሳል፣ የቀረው አፈር ይመረመራል፣ ካልሲየሙ ቀንሶ ይገኛል። እኔ ግን የምጠይቃቸው ስለ ባልዲው ነው። የፈሰሰው ጭቃ የት ገባ?

ጥያቄዬ ምክንያት አለው። ለተክል የሚሆነው ካልሲየም በአብዛኛው የሚገኘው በሸክላ ቅንጣቶችና በብስባሽ ላይ ተይዞ ነው። ጎርፍ ቀድሞ የሚያነሣውም እነዚህኑ ደቃቅና ቀላል ነገሮች ነው፤ ከባዱ አሸዋ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ደለሉ ከቀረው አፈር ይልቅ በካልሲየም የበለጸገ ሊሆን ይችላል። ደለሉን ሳይመረምሩ የተጻፈ ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

ለሥራው እኩል የሆኑ ዝርግ ሣጥኖች ያዘጋጁ። አፈሩን በደንብ ቀላቅለውና ነፍተው ለእያንዳንዱ በሚዛን እኩል ያካፍሉ። አንዱ ራቁቱን ይሁን፣ ሁለተኛው በደረቅ ሣር ይሸፈን፣ ሦስተኛው ውሃ ሳይነካው ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። ከቻሉ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት ያድርጉ፤ በአንድ ሣጥን ብቻ የተገኘ ልዩነትን እኔ አላምንም። ተዳፋቱም እኩል ይሁን፦ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ሣጥን በአንድ ጫፉ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርጉት 10 በመቶ ይሆናል። በአፈሩ ላይ ፈስሶ የሚወርደው ውሃና ከታች በቀዳዳ የሚንጠባጠበው በየራሳቸው ዕቃ ይጠራቀሙ። የታችኛው አፈሩን ሰርጎ ካልሲየም አሟሙቶ የሚወጣ እንጂ መሸርሸር አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀል ጥያቄውን ራሱን ያጠፋዋል።

የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ። ብዙ ጊዜ የራሱ ካልሲየም አለው። የዝናብ ወይም በትነት የተጣራ ውሃ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ከማፍሰስዎ በፊት ካልሲየሙን ለክተው መዝግቡልኝ። ከዚያ በአትክልት ማጠጫ፣ ከእኩል ከፍታ፣ እኩል መጠን፣ በእኩል ጊዜ ያፍስሱ።

የፍሳሹን መጠን ከለኩ በኋላ አስቀድሞ በተመዘነ የማጣሪያ ወረቀት ያጣሩት፣ ደለሉን አድርቀው ይመዝኑ። ከቀረው አፈር ናሙና ሲወስዱ ከላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቆፍሩ፤ በጥልቀት ከወሰዱ ያልተነካው አፈር ለውጡን ይሸፍነዋል። ናሙናው በጥላ ደርቆ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ።

ላቦራቶሪውን ተለዋዋጭ ካልሲየም፣ ማለትም በሸክላና በብስባሽ ላይ ተይዞ ለተክል የሚሆነውን፣ እንዲለካ ይጠይቁ። ካልሲየሙን ከአፈሩ በሚያወጡት ፈሳሾች፣ በአሞኒየም አሲቴት ወይም በሜሊክ 3 (Mehlich 3) ዘዴ ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ነገር ሁሉም ናሙና በአንድ ዘዴ መሠራቱ ነው። ፒኤች (የአፈሩን አሲዳማነት) መለካት ይህን አይተካም። በትንሽ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርገው ከፈላ ደግሞ ኖራ አለበት ማለት ነውና ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ አሞኒየም አሲቴት ከኖራው የተወሰነውን ስለሚያሟሟ ቁጥሩ ይጋነናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 150 ግራም ደረቅ ደለል ወጥቶ ውጤቱ በኪሎ 2,400 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ በደለሉ የሄደው 360 ሚሊ ግራም ነው። የተጣራው ፍሳሽ 4 ሊትር ሆኖ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም ቢኖረው 80 ይጨመራል፤ መጀመሪያ በውሃው ውስጥ የነበረው ግን ይቀነሳል። ውጤቱ በኪሎ በሴንቲሞል ቻርጅ (cmol(+)/kg) ከመጣ፣ በኪሎ ወደ ሚሊ ግራም ለመቀየር በ200 ያባዙት።

ሙከራውን ወደ ማሳ ሲያወጡት አንድ ነገር ግራ ሊያጋባዎ ይችላል፦ በተሸረሸረው ቦታ ካልሲየሙ ጨምሮ መገኘቱ። የታችኛው አፈር ኖራማ ከሆነ፣ የላዩ ሲታጠብ እሱ ይገለጣል። ስለዚህ ማሳ ላይ ከላዩ አፈር ጋር የታችኛውንም ለብቻው ያስመርምሩ።