መንገድና ፍልሰትን ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

“መንገድ ከገባ ወጣቱ ከቀዬው አይወጣም።” ይህችን አባባል ገና የጥናቱ መግቢያ ላይ ሳገኛት ወረቀቱን ማጠፍ ያምረኛል። ማን ነው እንዲህ ያለው? መንገድ መውጣትንም ያቀላል! ድሮ አስፋልት ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይኳትን የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ይዞ ማታ መርካቶ ይገባል። ደላላውም በዚያው መንገድ ሰፈሩ ድረስ ይመጣል። መሬት ያለውና መስኖ የደረሰው ጎረቤቱ ግን ሽንኩርቱን አይሱዙ ላይ ጭኖ ያተርፋል፤ እሱ እዚያው ይቀራል። አንዱ መንገድ አንዱን አስቀረ፣ ሌላውን ሸኘ። ታዲያ “ቀበሌው ተጠቀመ” ብሎ በአማካይ መዝጋት ምን ይሉታል? የመሬት ይዞታን ሳትጠይቁ ስለ መንገድ አትጻፉ።

ወቅቱንም አትርሱ። የጎጃም ደጋ ወጣት በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ወደ መተማ ይወርዳል። መጠይቁን በጥቅምት ከሞላችሁት “ፈልሷል” ይባላል። በጥር ብትመጡ ግን ቀዬው ላይ እህል ሲወቃ ታገኙታላችሁ።

ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ። በ2003 ዓ.ም. ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ፕሮግራም ተጀመረ። ጠጠሩ ከገባ በኋላ ከገበያ ቀን ውጪ መኪና የማያዩ ቀበሌዎች ግን አሉ። ስንት መኪና ይመጣል? ታሪፉስ ስንት ነው? ክረምት ላይ ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው ማን ይጠግናል?

በአጠገብ ያለፈ ሁሉ አገናኘ ማለት አይደለም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቷት ነበር። ባዶው ሜዳ ከተማ ሆነ፤ የምሥራቁ ንግድም ከጥንቷ ከተማ ወደዚያ ዞረ። በዚያው አሮጌ መስመር ላይ እንደ ኤረርና አፍደም ያሉ ቦታዎች ባቡር ሲቆም ለተሳፋሪ ምግብና ፍራፍሬ ሸጠው ያድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣን ነው፤ ማቆሚያው ግን ጥቂት ነው፣ ጣቢያዎቹም ብዙ ጊዜ ከከተማ ወጣ ይላሉ። ካርታ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ይመስላሉ። ለሻይ ሻጯ ግን አንድ አይደሉም።

የሚገባውንም ጭነት እዩ። ሽንኩርቱን ያወጣው አይሱዙ ሲመለስ የፕላስቲክ ጀሪካን ይዞ ይመጣል። እንስራ ሠሪዋን ጠይቋት።

በመጨረሻ፣ አባወራውን ብቻ አታናግሩ። ልጅቷ ዓረብ አገር ለመሄድ በየት በኩል እንደወጣች፣ የመኪናውን ማን እንደከፈለላት ብዙ ጊዜ የምታውቀው እናት ናት።