ከአጋዘን አፍንጫና ዓይን ተሰውሮ እንዴት ማደን ይቻላል

ፈቃድዎን አውጥተዋል፣ የአደን ሥልጠናውንም ጨርሰዋል ብዬ ልነሳ። በቨርጂኒያ ጫካ ነጭ ጅራት አጋዘን ለማደን የሚወጣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ልብሱ ቀለም ነው። አጋዘን ግን ባየው ነገር ላይ ቆሞ ያመነታል፤ የሰው ጠረን ከሸተተው አያመነታም፣ ይሄዳል።

ስለዚህ መቀመጫ ከመምረጥዎ በፊት ነፋሱን ይወቁ። በትንሽ ጠርሙስ የሕፃናት ፓውደር ይያዙና ቆንጥረው ይበትኑት፤ ብናኙ የሚሄድበት አቅጣጫ ጠረንዎ የሚሄድበት ነው። አጋዘኑ ይመጣበታል ከሚሉት አቅጣጫ ነፋሱ ፊትዎን የሚመታበት ቦታ ይቀመጡ። ወደዚያ ሲገቡም የሚመላለስበትን መንገድ አያቋርጡ፤ የጫማ ሽታ መሬት ላይ ይቆያል።

ኮረብታማ ቦታ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ጠዋት ፀሐይ ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ማታ የጎጆ ጭስ ወደ ቆላው ተኝቶ ሲወርድ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ረፋዱን ከአጋዘኑ በላይ፣ ማምሻውን ከበታቹ ይሁኑ።

ሽታ ያጠፋሉ የሚባሉ ሳሙናዎች ነፋስን አይተኩም። ከእነሱ ይልቅ የአደን ጃኬትዎን ቁሌት ሲቁላላ ከዋለበት ቤት ያርቁት።

አሁን ወደ ዓይኑ። በጠመንጃ አደን ወቅት ሕጉ የሚያስገድደው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አያጋልጥዎትም፤ አጋዘን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ በደንብ አይለይም። ሰማያዊ ግን ጎልቶ ይታየዋልና ጂንስዎን ቤት ይተዉት። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር ከጀርባው ጥቂት በቀር ዙሪያውን ያያል። የሚያጋልጥዎት እንቅስቃሴ ነው።

እንግዲህ ሴቷ አጋዘን ሠላሳ ሜትር ላይ ቆማለች እንበል። ጆሮዋን ወደ እርስዎ ቀስራለች፤ አፍንጫዋን ትልሳለች፣ እርጥብ አፍንጫ የተሻለ ያሸታልና። ጎንበስ ትላለች፤ ሣር ልትግጥ መስሎዎት ጠመንጃውን ሲያነሱ ድንገት ቀና ትላለች። አታልላዎታለች! ከዚያ የፊት እግሯን አንስታ መሬቱን ትመታለች፤ እርስዎን ለማነቃነቅ ነው። ዓይን ለዓይን አይጋጠሙ፣ ይተንፍሱ፣ ይጠብቁ። በእውነት ስትግጥ ቀና ከማለቷ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ጅራቷን ታወዛውዛለች፤ ያን ጊዜ አይንቀሳቀሱ። ጠመንጃውን የሚያነሱት ጭንቅላቷ ከዛፍ ግንድ ጀርባ ሲገባ ብቻ ነው።

በኖቬምበር አጋማሽ፣ በድሪያ ወቅት፣ ወንዱ ሴቷን ሲያሳድድ ጥንቃቄው ይላላል። ለጾመኛ ጊዜው ጠባብ ነው፤ የነቢያት ጾም በኅዳር 15 ይገባልና ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገናን ይጠብቃል።

በአፍንጫዋ አየሩን በኃይል አስወጥታ፣ ነጩን ጅራት አቁማ ከሮጠች በአካባቢው ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። አይከተሏት። ፓውደሩን እንደገና ይበትኑና የት እንደተሳሳቱ ይዩ፤ ነፋሱ በሌላ አቅጣጫ በሚነፍስበት ቀን በሌላ በኩል ይግቡ።